ቤት የረከሰበት ዘመን በላስ ቬጋስ

በ1990ዎቹ፣ ከጉልበቱ በቀር ምንም ሳይዝ አሜሪካ የገባ ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የራሱን ቤት ሊገዛባቸው ከሚችሉ ጥቂት ከተሞች አንዷ ላስ ቬጋስ ነበረች (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የሎስ አንጀለስና የሳን ፍራንሲስኮ ቤት የማይቀመስ ሆኖ ሳለ፣ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ፣ ሳህን የሚያጥብ፣ ቁማር ጠረጴዛ ላይ ካርታ የሚያድል ሰው ሦስት መኝታ ክፍልና መኪና ማቆሚያ ያለው ቤት ይገዛ ነበር። ነገሩ የቸርነት ጉዳይ አልነበረም። «ኩሊነሪ ሎካል 226» የተባለው የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ጠንካራ ስለነበር በትልልቆቹ ካሲኖዎች ክፍል የምታጸዳ ሴት የጤና መድህንም ጡረታም ነበራት። ግዛቱ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆርጥም። ቦታው ሜዳ ነው፤ ቤት ሠሪ ኩባንያዎች አንዱን ፕላን እየደጋገሙ፣ ግድግዳውን ቡናማ፣ ጣሪያውን ሸክላ እያደረጉ ሰፈር በሰፈር ላይ ያቆሙ ነበር። ከተማዋና ዙሪያዋ በሚገኙበት በክላርክ ካውንቲ በ1990 የነበረው ሕዝብ 740,000 ገደማ ነው። በ2000ው ቆጠራ ወደ 1.4 ሚሊዮን ተጠጋ።

ሐበሾችም በዚህ ጎርፍ ውስጥ ገቡ። ወሬው ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ሲያትል፣ ወደ ካሊፎርኒያ በስልክ ይሄዳል፦ ቬጋስ ታክሲ አለ፣ ካሲኖ አለ፣ እንግሊዝኛህ ባይሞላም ሥራ አታጣም፣ ቤቱ ደግሞ ርካሽ ነው። ታክሲ ከሚያሽከረክሩት፣ የሆቴል እንግዶችን መኪና ተቀብለው ከሚያቆሙት፣ በሌሊት ፈረቃ ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ሆኑ። ቅድሚያ ክፍያው ለአንዳንዱ ከዕቁብ ይወጣል፤ ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ቀድሞ ቁልፍ ይቀበላል። ካውንቲው በ2023 አንዱን አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ከዚያ ዘመን ጀምሮ እየተጠራቀመ በመጣው ሕዝብ ምክንያት ነው።

መስከረም 11 ቀን 2001 ኒውዮርክና ዋሽንግተን ላይ ጥቃቱ ሲደርስ አውሮፕላን ቆመ፤ ቬጋስም ባዶዋን ቀረች። ካሲኖዎች በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ አሰናበቱ። ነገር ግን እንግዳው ተመለሰ፣ ሠራተኛውም አብዛኛው ወደ ሥራው ገባ፣ የቤት ዋጋም ሳይነቃነቅ አለፈ። ለኋላው ጥፋት አንድ ምክንያት ፈልግ ብባል እኔ የምጠቁመው ይህንን ዓመት ነው። ሕዝቡ ያን ያህል ድንጋጤ አይቶ ቤት ሳይረክስ ሲቀር፣ ቤት ፈጽሞ አይረክስም የሚለውን በዓይኑ ያረጋገጠ መሰለው።

የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ፣ በአላን ግሪንስፓን መሪነት፣ ኢኮኖሚውን ለማነቃቃት ወለዱን እየቀነሰ መጥቶ በሰኔ 2003 ወደ 1 በመቶ አወረደው። ገንዘብ ረከሰ። ቬጋስ ዙሪያ ያለው መሬት ደግሞ አብዛኛው የፌደራል መንግሥት ይዞታ ስለሆነ፣ በ1998 በወጣ ሕግ መሠረት በጨረታ ነበር የሚሸጠው። ርካሽ ገንዘብና በልክ የሚለቀቅ መሬት ሲገናኙ በ2004 የቬጋስ ቤት ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ ዘለለ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ እንዲህ ያለ ፍጥነት አልታየም። ገና መሠረቱ ያልወጣ ቤት ለመመዝገብ ሰው ተሰልፎ ያድር ነበር፤ አንዳንድ ኩባንያ ፈላጊው ሲበዛበት ዕጣ አወጣ። ከካሊፎርኒያ የመጡ ነጋዴዎች ሦስትና አራት ቤት ገዝተው፣ አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድሩበት፣ ከወራት በኋላ አትርፈው ይሸጣሉ። በዚህ ጊዜ ያልገዛው ሠራተኛ የሚያስበው አንድ ነገር ነበር፦ ዘንድሮ ካልገባሁ ከዓመት በኋላ አልደርስበትም።

እዚህ ላይ ደላላው መጣ። ድሮ ባንክ ሲያበድር ገንዘቡ ለ30 ዓመት ከተበዳሪው ጋር ታስሮ ስለሚቆይ፣ የደመወዝ ወረቀት ያገላብጣል፣ አሠሪ ጋ ይደውላል፣ ቢያንስ የቤቱን ዋጋ አምስተኛ ከኪስህ አምጣ ይላል። በ2000ዎቹ ግን አበዳሪው ብድሩን በሳምንታት ውስጥ ለኒውዮርኩ የገንዘብ ገበያ፣ ለዎል ስትሪት፣ ይሸጠዋል፤ እዚያ በሺህ የሚቆጠር ብድር አንድ ላይ ይታሰርና ለጀርመን ባንክ፣ ለጡረታ ፈንድ ይቸበቸባል። ደላላው የሚያገኘው ውሉ ሲፈረም ነው እንጂ ዕዳው ሲከፈል አይደለም። ስለዚህ ገቢህ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል፣ ማረጋገጫ ግን አይፈልግም። የታክሲ ነጂ ቲፕ በወረቀት ስለማይታይ ቁጥሩን የሚጽፈው አንዳንዴ ራሱ ደላላው ነበር።

ብድሩ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ላሳይ። 300,000 ዶላር የተበደረ ሰው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በ7 በመቶ ወለድ ቢይዝ በወር 2,000 ዶላር ያህል ይከፍላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ወለዱ ይለቀቃል፤ 10 በመቶ ቢገባ ክፍያው ከ2,600 ዶላር ያልፋል። በወር 600 ዶላር ከየት ይመጣል? ተበዳሪው ይህንን ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ፣ ያን ጊዜ ቤትህ ዋጋው ጨምሮ ስለሚቆይ «ሪፋይናንስ» ታደርጋለህ፣ የድሮውን ብድር በአዲስ ብድር ትተካለህ የሚል ነበር። ከዚህ የባሰም ነበረ፤ ተበዳሪው በየወሩ የፈለገውን መጠን መርጦ የሚከፍልበት፣ ያልከፈለው ወለድ በዋናው ዕዳ ላይ የሚቆለልበት ብድር። የሁሉም መቆሚያ ዋጋው መውጣቱ ነው።

ዋጋው በሚወጣባቸው ዓመታት ቤቱ ራሱ ደመወዝ መክፈል ጀመረ። በ2002 በ160,000 ዶላር የገዛ ሰው በ2005 ቤቱ እጥፍ ያወጣል ሲሉት በጭማሪው ላይ ይበደራል፤ መኪና ይለውጣል፣ ልጁን ኮሌጅ ያስገባል፣ ወንድሙን ይድራል፣ አገር ቤት ለእናቱ ቤት ያሠራል። የሰው ነገር ነው፤ አልፈርድበትም። ባንኩም፣ ጋዜጣውም፣ መንግሥቱም ሀብታም ሆነሃል እያሉት ነበር። በዚህ መንገድ ግን ለክፉ ቀን ይቀመጥ የነበረው ጥሪት ሁሉ ግድግዳው ውስጥ ገባ።

በሰኔ 2006 በቬጋስ የተሸጡ ነባር ቤቶች መካከለኛ ዋጋ 315,000 ዶላር ደረሰ። ያ ጫፉ ነበር። ማዕከላዊ ባንኩ ደረጃ በደረጃ ከፍ ሲያደርገው የቆየው ወለድም በዚያው ወር 5.25 በመቶ ላይ ቆመ።

መጀመሪያ የታየው የዋጋ መውረድ አልነበረም፤ ቤቱ ሳይሸጥ መሰንበቱ ነው። በሳምንት ይሸጥ የነበረ ቤት ሦስት ወር፣ አምስት ወር «ለሽያጭ» የሚል ሰሌዳ ተክሎ ይቆማል። ሁለት ዓመቱ የደረሰበት ተበዳሪ ሪፋይናንስ ሊጠይቅ ሲሄድ፣ ገማቹ የቤቱን ዋጋ ከዕዳው አሳንሶ ያመጣዋል፤ ባንኩም አይሆንም ይላል። ኒው ሴንቸሪ የተባለው ትልቅ አበዳሪ በሚያዝያ 2007 ከሰረ። ግሪንስፓንን የተኩት ቤን በርናንኬ ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ለምክር ቤት በሰጡት ቃል፣ የነዚህ ብድሮች ችግር ወደ ሌላው ኢኮኖሚ የሚዛመት እንደማይመስላቸው ተናግረው ነበር።

ቬጋስ ላይ የተዛመተበትን መንገድ መከተል ቀላል ነው። መጀመሪያ አናጢው፣ ግንበኛው፣ ጣሪያ ሠሪው ሥራ አጣ፤ አብዛኛው የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ሰው ነው። በጫፉ ጊዜ ከ100,000 በላይ ሰው የነበረው የግንባታ ሥራ ከአምስት ዓመት በኋላ 40,000 እንኳ አልሞላም። ከዚያ ለግንበኛው ምሳ የምትሸጠው፣ ምንጣፍ የሚያነጥፈው፣ የብድር ወረቀት የምትጽፈው ተከተሉ። ከተማዋ ከቁማር ቀጥሎ የምትኖረው ራሷን በመገንባት ነበርና፣ ቤት መሥራት ሲቆም ቤት የሚገዛውም ሰው አብሮ ጠፋ።

ታኅሣሥ 2007 ላይ አገሪቱ በይፋ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ገባች። በ2008 የሆነውን የዎል ስትሪት ታሪክ አንባቢ ያውቀዋል፤ መጋቢት ላይ ቤር ስተርንስ የተባለው ባንክ፣ መስከረም 7 ላይ የቤት ብድር ዋሶቹ ፋኒ ሜና ፍሬዲ ማክ፣ መስከረም 15 ላይ ሊማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ ተራ በተራ ወደቁ። ጥቅምት 3 ቀን ምክር ቤቱ ለባንኮች ማዳኛ የሚሆን 700 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። ይህ ሁሉ ለቬጋስ ሠራተኛ የደረሰው በሌላ መልክ ነው። በኦሃዮ፣ በሚሺጋን፣ በካሊፎርኒያ ቤቱ የረከሰበት ሰው መጀመሪያ የሚሰርዘው የቬጋስ ጉዞውን ነበር። በ2007 ከ39 ሚሊዮን በላይ የነበረው የጎብኚ ቁጥር በ2009 ወደ 36.4 ሚሊዮን ወረደ። የመጣውም እጁን ሰብስቦ ነው የመጣው። ነሐሴ 2008 ላይ ኢሽሎን የተባለው ግዙፍ ሆቴል ግንባታው ተቋረጠ፤ ብረቱ ለዓመታት ከዋናው ጎዳና ዳር ተገትሮ ቆመ። በሚቀጥለው ዓመት ፎንቴንብሎ የተባለው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሳያልቅ ባለቤቱ ኩባንያ ከሰረ።

በዚህ ከተማ ገቢ የሚወርደው ሥራ ከመጥፋቱ በፊት ነው። ቋሚ የነበረችው አልጋ አንጣፊ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ትጠራለች፤ ስልኳን ይዛ ትጠብቃለች። ካርታ አዳዩ ቲፑ ግማሽ ይሆናል። ታክሲ ነጂው የሜትሩን ገቢ ከኩባንያው ጋር ስለሚካፈል፣ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ቆሞ ያጠፋው ሰዓት ምንም አይከፍለውም፤ ቀድሞ በስምንት ሰዓት ያገኝ የነበረውን በአሥራ ሁለት ሰዓት አያገኘውም። በመንግሥት መዝገብ ግን ሥራ አጥ አይባልም፤ ሥራ አለው። ብድሩ ደግሞ የተፈረመው በደጉ ጊዜ ቲፕ ልክ ነው። በየካቲት 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ የመንግሥት ድጎማ የተቀበሉ ኩባንያዎች በግብር ከፋዩ ገንዘብ ወደ ቬጋስ መሄድ የለባቸውም ብለው ሲናገሩ፣ ከንቲባው ኦስካር ጉድማን ይቅርታ ይጠየቀን ብለው ተቆጡ። ተንታኞች ቀልድ አደረጉት፤ ስብሰባ ሲሰረዝ ወርኃዊ ክፍያው የሚጎድልበት ሰው ግን አልሳቀም።

በኔቫዳ ባንክ ቤት ለመውሰድ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። ክፍያ ሲቋረጥ የማስጠንቀቂያ ወረቀት በካውንቲው ይመዘገባል፣ ግልባጩ በፖስታ ይላካል። ሦስት ወር ይሰጣል። ከዚያ የሐራጁ ቀን በር ላይ ይለጠፋል፤ ሦስት ሳምንት። በሐራጁ ቀን ቤቱ ይሸጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ራሱ ባንኩ ነው። ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት ወኪል መጥቶ፣ ቤቱን ጠርጋችሁ ቁልፉን ብትሰጡ ጥቂት ሺህ ዶላር እንሰጣችኋለን ይላል። ብዙ ሰው ተቀበለ፤ ለኪራይ ማስያዣ ይሆነዋልና። ቤቱ የተሸጠበት ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነ ደግሞ ባንኩ የቀረውን በፍርድ ቤት መጠየቅ ይችል ነበር። ይህ ሕግ በ2009 ሲሻሻል ያዳነው ከዚያ ዓመት ጥቅምት ወዲህ ለቤት መግዣ የተበደረውን ነው፤ እሳቱ ውስጥ ያለውን አይደለም።

ሐራጁ የማያውቁትንም ያገኝ ነበር። ኪራዩን በየወሩ ሳያጓድል ለአከራዩ የሚከፍል ቤተሰብ፣ አከራዩ ዕዳውን ሳይከፍል መክረሙን የሚያውቀው ወረቀቱን በሩ ላይ ሲያገኘው ነው። ለተከራይ ቢያንስ 90 ቀን ይሰጠው የሚል የፌደራል ሕግ የወጣው በግንቦት 2009 ነው። ባዶ በቀረው ቤት ጓሮ የመዋኛ ገንዳው ውኃ አረንጓዴ ይሆንና ትንኝ ያፈላል፤ የጤና ቢሮ ሠራተኞች ገንዳ ለገንዳ እየዞሩ መድኃኒት ይጨምሩ ነበር። የመዳብ ሽቦና የአየር ማቀዝቀዣው በሌሊት ይነቀላል። ሣሩ የደረቀ ቤት ሲበዛ የጎረቤቱም ግምት አብሮ ይወርዳል፤ ክፍያውን አንድ ቀን ያላሳለፈው ሰው በጎረቤቱ ሐራጅ ይቀጣል። በ2009 በኔቫዳ ከአሥር ቤት አንዱ ላይ የመወረስ ሂደት ወረቀት ወጥቶበታል።

የካቲት 2009 ላይ የኦባማ መንግሥት ከሦስት እስከ አራት ሚሊዮን የቤት ባለቤቶችን የሚረዳ መርሐ ግብር አወጀ፤ ወርኃዊ ክፍያው ከገቢያቸው 31 በመቶ እንዳይበልጥ ብድሩ እንዲስተካከል። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነበር። የሚያስፈጽሙት ግን ክፍያ ሰብሳቢ ኩባንያዎች ናቸው፤ ለነሱ ብድር ማስተካከል ሥራ ያበዛል፣ መውረስ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ ያስገኛል። የዚያ ዘመን የቬጋስ የቤት ባለቤት የሚያስታውሰው ፋክስ ነው። የደመወዝ ወረቀት ይልካል፤ አልደረሰንም ይሉታል። ደግሞ ይልካል፤ ሁለት ወር አልፎታል አዲስ ላክ ይሉታል። ሦስት ወር በሙከራ ክፍያ ይቆይና ማመልከቻህ አልተሟላም የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ በሙከራው ጊዜ የጎደለው ሁሉ ዕዳ ሆኖ። የአንዱ ቢሮ ሰው ብድርህን እያየነው ነው ሲለው፣ የሌላው ቢሮ ሰው የሐራጅ ቀን ይቆርጥ ነበር። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው ልጁን አስቀምጦ ያስተረጉማል፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የወላጆቹን ዕዳ በዶላር በሳንቲም ያወቀው እንዲህ ነው። በመጨረሻ መርሐ ግብሩ በቋሚነት ያስተካከለው ብድር ከታቀደው ግማሽ ያህሉን ነው።

የኔቫዳ ምክር ቤት በበኩሉ ከሐምሌ 2009 ጀምሮ ባለቤቱ ከጠየቀ ባንኩ ፊት ለፊት መጥቶ እንዲደራደር የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ይህ ከብዙው መርሐ ግብር የተሻለ ሠራ እላለሁ፤ ቢያንስ በስልክ ፋንታ ሰው ፊት አስቀምጧልና።

በታኅሣሥ 2009 ሲቲ ሴንተር የተባለው፣ 8.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀ የሆቴሎች መንደር ተከፈተ። ለ12,000 ያህል ሥራ ከ100,000 በላይ ማመልከቻ ጎረፈ። በ2010 የግዛቱ ሥራ አጥነት 14 በመቶ አካባቢ ሆነ፤ ከአገሪቱ ሁሉ የከፋው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ በኔቫዳ ብድር ካለባቸው ቤቶች 70 በመቶው ዕዳቸው ከዋጋቸው ይበልጥ ነበር።

ይህ ቁጥር ለቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ቤቱን ሸጦ ሥራ ወዳለበት ቴክሳስ መሄድ አይችልም፤ ሽያጩ ዕዳውን አይዘጋም። ተጣልተው የተፋቱ ባልና ሚስት ቤቱን መካፈል ስለማይቻል አንዱ ፎቅ፣ አንዱ ምድር ይኖራሉ። መክፈል እየቻሉ፣ 300,000 ዶላር ዕዳ ላለበት 120,000 የማያወጣ ቤት ለምን እንከፍላለን ብለው ቁልፉን ጥለው የሄዱም ነበሩ። በሐበሻው ዘንድ ግን ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ቤት የገዛ ሰው በማኅበሩም በቤተ ክርስቲያኑም የታወቀ ነው፤ ባንክ ወሰደበት መባል ከገንዘቡ የበለጠ ይከብዳል። አንዱ ክፍሉን ያከራያል፣ ሌላው ሁለተኛ ፈረቃ ይጨምራል፣ ሌላው ዕቁብ ያወጣውን ለባንክ ይሰጣል። ወደ አገር ቤት የሚላከውም ተነካ፤ በ2009 በዓለም ደረጃ ስደተኞች ወደ ድሃ አገሮች የሚልኩት ገንዘብ ቀንሷል።

ኪሳራው ለምን ከታች ያለውን ቀድሞ እንደመታ አቲፍ ሚያንና አሚር ሱፊ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ2014 ባሳተሙት መጽሐፍ በሚገባ አስረድተዋል። በ100,000 ዶላር ቤት ላይ 20,000 የራሱን፣ 80,000 የባንክ ያደረገ ሰው፣ ዋጋው በ20 በመቶ ሲወርድ ያለውን ሁሉ ያጣል፤ ባንኩ አንድ ሳንቲም አያጣም። ሀብታሙ ሰው ከቤቱ ሌላ አክሲዮን አለው፣ የባንኩም ባለድርሻ እሱ ነው። የአልጋ አንጣፊዋ ሀብት ግን ያ 20,000 ብቻ ነበር። ከ2007 እስከ 2010 ድረስ የመካከለኛው አሜሪካዊ ቤተሰብ የተጣራ ሀብት ከ126,400 ዶላር ወደ 77,300 ወረደ። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ከ2005 እስከ 2009 ያለውን በዘር ሲለየው፣ የነጮች ሀብት 16 በመቶ፣ የጥቁሮች 53 በመቶ፣ የላቲኖዎች 66 በመቶ ጠፍቶ አገኘው።

በ2010 መጸው ሌላ ጉድ ወጣ። ባንኮቹ ቤት የሚወርሱባቸውን የመሐላ ወረቀቶች ማንም ሳያነባቸው በቀን በመቶዎች ሲፈርሙ እንደነበር ተጋለጠ፤ አንዳንዱ ሰነድ የተፈረመው በሌላ ሰው ስም ነበር። ኔቫዳ ይህንን በወንጀል የሚያስቀጣ ሕግ አውጥታ ከጥቅምት 2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ስታውለው፣ አዳዲስ የማስጠንቀቂያ ወረቀቶች በአንድ ጊዜ አሽቆለቆሉ። ወረቀታችን ትክክል ነው ብሎ በወንጀል ኃላፊነት መማል ሲመጣ ባንኮቹ ለምን እንዳመነቱ አንባቢ ይፍረድ።

በዚያው ጥቅምት ወር ሁለት ፖለቲከኞች ስለ ቬጋስ ቤት ተናገሩ። ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ሚት ሮምኒ ለከተማዋ ጋዜጣ አዘጋጆች፣ መወረሱን አናቁመው፣ ዋጋው እስከ መጨረሻው ይውረድ፣ ነጋዴዎች ይግዙትና አድሰው ያከራዩት ሲሉ፣ ኦባማ ከቀናት በኋላ ወደ ከተማዋ መጥተው ዕዳቸው ከዋጋው የበለጠባቸውም ሰዎች በርካሽ ወለድ ሪፋይናንስ እንዲያደርጉ ፈቀዱ። ሮምኒ ክፉኛ ተተቹበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ምርጫም ኔቫዳን አጡ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን በአመዛኙ እሳቸው ያሉት ነው።

በጥር 2012 የመካከለኛው ቤት ዋጋ 118,000 ዶላር ላይ ተገኘ። በሰኔ 2006 ከነበረው 63 በመቶ ያህል ወርዷል። አልጋ አንጣፊዋ እንደገና ልትገዛው የምትችለው ዋጋ ነበር፤ የብድር ታሪኳ ግን ለሰባት ዓመት ቆሽሿል፣ የሚያበድራት የለም። ስለዚህ የገዛው ጥሬ ገንዘብ የያዘ ነው። ከሽያጩ ግማሽ ያህሉ በጥሬ ገንዘብ የሆነበት ወቅት ነበር፤ ብላክስቶንን የመሰሉ የዎል ስትሪት ድርጅቶች ወኪሎቻቸውን ልከው ቤቶችን በጅምላ ሰበሰቡ። ቤቷን ያጣች ቤተሰብ በሁለት ሰፈር ልዩነት ያንኑ ፕላን፣ ያንኑ ቡናማ ግድግዳ ተከራይታ ገባች። ኪራዩን የሚሰበስበው ድረ ገጽ ነው።

የካቲት 2012 ላይ አምስቱ ትልልቅ የቤት ብድር ክፍያ ሰብሳቢዎች ስለ አወራረሳቸው በ49 ግዛቶች ከቀረበባቸው ክስ በ25 ቢሊዮን ዶላር ታረቁ። ከ2008 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ቤቱ ተወርሶ ማመልከቻ ያቀረበ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ቼክ ደረሰው፤ 1,480 ዶላር ያህል። ለቬጋስ ቤት የአንድ ወር ተኩል ኪራይ ቢሆን ነው።

ዋጋው ከዚያ ጀምሮ ቀስ እያለ ወጣ። የሰኔ 2006ን ጫፍ የተሻገረው በመጋቢት 2020 ነው፤ 319,000 ዶላር። በዚያው ወር አጋማሽ በኮሮና ምክንያት የግዛቱ ካሲኖዎች በሙሉ ተዘጉ፤ በሚያዝያ የኔቫዳ ሥራ አጥነት ወደ 30 በመቶ ደረሰ፤ ከ2010ሩ እጥፍ። ቀድሞ ያየው ሁሉ ያው ሊደገም ነው ብሎ ነበር። መጋቢት 27 ቀን በወጣው የፌደራል ሕግ ግን፣ መንግሥት ዋስ የሆነለት ብድር ያለበት ሰው በኮሮና ተቸግሬያለሁ ብሎ መናገር ብቻ ይበቃው ነበር፤ ለስድስት ወር፣ ቢያስፈልግም ለሌላ ስድስት ወር ክፍያው ይቆምለታል። የደመወዝ ወረቀት አልተጠየቀም፣ ፋክስም አልነበረም። ሐራጅ አልጎረፈም፤ የቤት ዋጋም አልወደቀም። እንዲያውም በግንቦት 2022 መካከለኛው ዋጋ 482,000 ዶላር ገባ። ይህ ሕግ የደረሰው በዚያ ቀን ቤት ለነበረው ሰው ነው። በ2010 ያጡት ግን ብዙዎቹ ገና ተከራይ ነበሩ፤ ኪራዩም ከዋጋው ጋር አብሮ ወጣባቸው።